የተርሚናል ቻት በዌብሶኬት፦ በራሳችሁ ላፕቶፕ ሠርቶ ጓደኛችሁ ጋ እንቢ ሲል

ዌብሶኬት በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ተከፍቶ የሚቆይና በሁለቱም አቅጣጫ መልእክት የሚያስኬድ መስመር ነው። በእርሱ፣ በፓይተን ቻት እንሠራለን፦ ሰርቨሩ መልእክቱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም ነው፤ ክላይንቱ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የሚጽፍበት። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ተርሚናል ከፍቶ ራስን በራስ ማውራት ቀላል ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ቁጭ ብላችሁ ከጎናችሁ ካለው ልጅ ላፕቶፕ ጋር ስትሞክሩት ግን ነገሩ ይለወጣል። ወይ ጭራሽ አይገናኝም፤ ወይ ይገናኝና የጓደኛችሁ መልእክት እናንተ ኢንተር እስክትጫኑ ድረስ አይታይም፤ ወይ ትንሽ ዝም ስትሉ መስመሩ ይቆረጣል። አብዛኛው ሰው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ይተወዋል። የባሕር ዳር ኔትወርክ የራሱ ኃጢአት አለው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው።

እያንዳንዱ ደረጃ ፍተሻ አለው። ፍተሻው ካላለፈ ወደሚቀጥለው አትሂዱ። ሁሉንም ጽፎ መጨረሻ ላይ የሚሞክር ሰው ስህተቱ የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ እንኳ አያውቅም።

የኮድና የትእዛዝ ቃላትን እዚህ በድምፃቸው ጽፌያለሁ፤ ስትተይቧቸው በላቲን ፊደል ነው። እናንተ የምታወጧቸውን ስሞች ግን ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደልም ይቀበላል። ስለዚህ «አስተናግድ»፣ «መስመሮች» የምላቸውን ስሞች እንዳሉ ኮዱ ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልገው

- ሁለት ላፕቶፕ፣ ባትሪያቸው የሞላ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ይቆያል፤ ራውተሩ ግን አብሮ ይሄዳል።
- በሁለቱም ላይ ፓይተን 3.9 ወይም ከዚያ በላይ።
- ሆትስፖት የሚከፍት ስልክ። ዳታ አያስፈልገውም። ሁለቱ ላፕቶፖች የሚገናኙት በስልኩ ዋይፋይ እንጂ በኢንተርኔት አይደለም።
- ዌብሶኬትስ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ፣ ስሪት 13 ወይም ከዚያ በላይ። መጨረሻው ላይ ያለችውን «ስ» እዩዋት። ያለ «ስ» የሚጫን ሌላ ጥቅል አለ፤ ዌብሶኬት ክላይንት የሚባልም አለ። ሁለቱም እዚህ አይሠሩም።

ደረጃ 1፦ ቤቱን ማዘጋጀት

1. ለሥራው ባዶ ፎልደር ክፈቱ። በውስጡ ማንኛውንም ፋይል «ዌብሶኬትስ» ወይም «አሲንክአይኦ» ብላችሁ አትሰይሙ። ፓይተን ላይብረሪውን ትቶ የእናንተን ፋይል ያስገባና «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ይላችኋል። ሰርቨርና ክላይንት በሏቸው፤ ይበቃል።

2. በፎልደሩ ውስጥ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ የፓይተን ቦታ) ፍጠሩና አንቁት። በአዳዲስ ኡቡንቱዎች ላይ ይህን ከዘለላችሁ ፒፕ (የፓይተን ላይብረሪ ጫኚው) ራሱ አልጭንም ይላል። በዊንዶውስ ፓወርሼል «ስክሪፕት ማስኬድ ተከልክሏል» ካለ ከፖሊሲው ጋር አትታገሉ፤ የድሮውን ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና እዚያ አንቁት።

3. ላይብረሪውን ጫኑ። ፒፕን ብቻውን አትጥሩት፤ «ፓይተን፣ ሰረዝ ኤም፣ ፒፕ» ብላችሁ ጥሩት። ላፕቶፑ ላይ ሁለት ፓይተን ካለ፣ በአንዱ ጭናችሁ በሌላው ከማስኬድ የሚያድነው ይህ ነው።

4. ለሁለተኛው ላፕቶፕ እንደገና ማውረድ አያስፈልግም። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት በፒፕ ዳውንሎድ ጥቅሉን ወደ ፎልደር አውርዱ፣ በፍላሽ ውሰዱት፣ እዚያም ፒፕ ኢንስቶልን «ኖ-ኢንዴክስ» እና «ፋይንድ-ሊንክስ» ከተባሉት አማራጮች ጋር ተጠቀሙ። የሁለቱ ላፕቶፖች የፓይተን ስሪትና ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድ ይሁን፤ ካልሆነ ጥቅሉ ላይገጥም ይችላል።

ፍተሻ፦ በፒፕ ሾው የተጫነውን ስሪት እዩ። ከ13 በታች ከሆነ አሻሽሉት።

ደረጃ 2፦ መልሶ የሚያስተጋባ ሰርቨር

ቻቱን ገና አትንኩት። መጀመሪያ የላካችሁትን ለራሳችሁ የሚመልስ ሰርቨር ጻፉ።

1. አሲንክአይኦን (አንዱን ሥራ እየጠበቀ ሌላውን የሚያሠራውን የፓይተን ክፍል) ኢምፖርት አድርጉ። ከዚያ ከዌብሶኬትስ ውስጥ፣ አሲንክአይኦ በሚባለው ክፍል፣ ሰርቨር ከሚባለው ሞጁል «ሰርቭ»ን አስገቡ። ይህ መስመር ላይ ስህተት ከመጣ ስሪታችሁ አሮጌ ነው ወይም ፎልደሩ ውስጥ ስሙ የተጋጨ ፋይል አለ።

2. «አስተናግድ» የሚባል አሲንክ ፈንክሽን ጻፉ። የሚቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መስመር» በሉት። የቆዩ ትምህርቶች ሁለተኛ፣ «ፓዝ» የሚባል ይጨምራሉ። ያንን ቀድታችሁ ከሆነ ሰርቨሩ ይነሣል፤ ሰው ሲገናኝ ግን «ፓዝ ጎድሏል» ብሎ ይዘጋበታል። አጥፉት።

3. በውስጡ በአሲንክ ፎር ከ«መስመር» የሚመጣውን እያንዳንዱን መልእክት ተቀበሉና በሴንድ መልሱ። ሴንድ ፊት «አዌይት» መኖር አለበት። ከረሳችሁት ምንም አይላክም፤ «ኔቨር አዌይትድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ታያላችሁ።

4. «ዋና» የሚባል ሌላ አሲንክ ፈንክሽን ጻፉ። በአሲንክ ዊዝ ሰርቭን ጥሩት፤ አስተናግድን፣ አድራሻ 127.0.0.1ን እና ፖርት (ሰርቨሩ የሚያዳምጥበት የበር ቁጥር) 8765ን ስጡት። ቀጥሎ «ሰርቨሩ ተነሥቷል» የሚል ፕሪንት አስገቡ። ይህችን መስመር አትናቋት፤ ያለ እርሷ ተርሚናሉ ጭጭ ስለሚል ሰው ተሰቅሏል ብሎ ይዘጋዋል። በመጨረሻ ሰርቭ ፎሬቨርን በአዌይት ጥሩ።

5. «ዋና»ን በአሲንክአይኦ ረን አስነሡ።

ፍተሻ፦ ለመሞከር የራሳችሁን ክላይንት መጻፍ አያስፈልግም። ላይብረሪው አንድ ይዞ ይመጣል፤ ይህን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛ ተርሚናል ከፍታችሁ ኢንቫይሮመንቱን እዚያም አንቁ። ከዚያ «ፓይተን፣ ሰረዝ ኤም፣ ዌብሶኬትስ» ካላችሁ በኋላ አድራሻውን ስጡ። አድራሻው በኤችቲቲፒ ሳይሆን በደብልዩኤስ ይጀምራል፤ በ127.0.0.1 እና በ8765 ያበቃል (ws://127.0.0.1:8765)። «ሰላም» ብላችሁ «ሰላም» ከተመለሰ አልፋችኋል።

ካልሆነስ?

- በዊንዶውስ ስህተት 10048፣ በሊኑክስ 98፦ ፖርቱ ተይዟል። የድሮው ሰርቨር ሌላ ተርሚናል ውስጥ እየሮጠ ነው፤ ፈልጋችሁ በኮንትሮል ሲ ዝጉት።
- «ኢንቫሊድ ካራክተር»፦ የአማርኛ ኪቦርዱን ሳትቀይሩ ኮማ የጻፋችሁ መስሏችሁ «፣» ጽፋችኋል፣ ወይም በኮሎን ቦታ «፡» አለ። ፓይተን ቦታውን በቀስት ያሳያችኋል፤ እዚያው አርሙት።
- አድራሻውን በብራውዘር ከፍታችሁ የ426 መልእክት ካያችሁ አትደንግጡ። ሰርቨሩ ተራ የድረ ገጽ ጥያቄ ደርሶት ወደ ዌብሶኬት እንድትቀይሩ እየነገራችሁ ነው። ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ አንዱ የጻፈውን ለሁሉም ማድረስ

1. ከፋይሉ አናት «መስመሮች» የሚባል ባዶ «ሴት» (በፓይተን የነገሮች ስብስብ) ፍጠሩ።
2. አስተናግድ እንደጀመረ የገባውን መስመር ወደ ሴቱ ጨምሩ።
3. የአሲንክ ፎሩን ዙር በትራይ ውስጥ አድርጉት፤ በፋይናሊ ውስጥ መስመሩን በዲስካርድ አውጡት። በኤክሴፕት ሳይሆን በፋይናሊ። ሰው በሥርዓት ሲወጣ ዙሩ ያለ ስህተት ያልቃል፤ ዋይፋይ ሲቆረጥ ደግሞ ስህተት ይወረውራል። በሁለቱም ጊዜ የሚሠራው ፋይናሊ ብቻ ነው።
4. መልሶ ማስተጋባቱን አጥፉና ሰርቭ ካለበት ሞጁል «ብሮድካስት»ን አስገብታችሁ ሴቱንና መልእክቱን ስጡት። ብሮድካስት አዌይት አይፈልግም።

ሴቱን በፎር እየዞራችሁ አንድ በአንድ በአዌይት መላክም የሚቻል ይመስላል። በመሃል አንድ ሰው ሲወጣ ግን የሴቱ መጠን ስለሚለወጥ ፓይተን ዙሩን ይሰብረዋል፤ መስመሩ ዘገምተኛ የሆነ አንድ ሰው ደግሞ ሁሉንም ያስጠብቃል። ብሮድካስትን ተጠቀሙ።

ፍተሻ፦ በደረጃ 2 መሞከሪያ ከሦስት ተርሚናል ግቡ። አንዱን በድንገት ዝጉት። የቀሩት ሁለቱ አሁንም መነጋገር አለባቸው።

ደረጃ 4፦ ክላይንቱ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት

ክላይንቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠብቃል፦ ከኪቦርድ የሚመጣውን ጽሑፍና ከሰርቨሩ የሚመጣውን መልእክት። ችግሩ ያለው ተራው «ኢንፑት» ላይ ነው። ኢንፑት ተጠቃሚው ኢንተር እስኪጫን ድረስ ፕሮግራሙን በሙሉ ያቆማል። ጓደኛችሁ «ጀልባው ወደ ዘጌ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» ብሎ ሲልክ መልእክቱ ላፕቶፓችሁ ድረስ ይመጣል፤ የሚያነበው ግን የለም። ኢንተር ስትጫኑ ሁሉም በአንዴ ይዘረገፋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። ሰርቨሩ በየ20 ሰከንዱ «አለህ ወይ?» የሚል ፒንግ ይልካል፤ መልሱን ሌላ 20 ሰከንድ ይጠብቃል። ኢንፑት ያሰረው ክላይንት ለዚህም አይመልስም። ስለዚህ 40 ሰከንድ ገደማ ዝም ካላችሁ ሰርቨሩ መስመሩን በኮድ 1011 ይዘጋዋል። «ኪፕአላይቭ ፒንግ ታይምአውት» የሚለው መልእክት ይህ ነው፤ ሰዉ ኔትወርኩን የሚረግመው እዚህ ላይ ነው። በበይነ መረብ ላይ የምታገኙት መፍትሔ ብዙ ጊዜ «ፒንግ ኢንተርቫልን ባዶ አድርጉት» ይላል። እንዲህ ካደረጋችሁ መቆረጡ ይቀራል፤ መዘግየቱ ግን እንዳለ ይቆያል፣ የሞቱ መስመሮችም ሰርቨሩ ላይ ይከማቻሉ። አታድርጉት።

ትክክለኛው አካሄድ፦

1. ከዌብሶኬትስ፣ አሲንክአይኦ፣ ክላይንት ከሚባለው ሞጁል «ኮኔክት»ን አስገቡ።

2. «አድምጥ» የሚባል አሲንክ ፈንክሽን ጻፉ። በአሲንክ ፎር ከመስመሩ የሚመጣውን እየተቀበለ ፕሪንት ያደርጋል። ሌላ ምንም አይሠራም።

3. «ጻፍ» የሚባል ሁለተኛ አሲንክ ፈንክሽን ጻፉ። በዋይል ዙር ውስጥ ኢንፑትን በቀጥታ አትጥሩት፤ በአሲንክአይኦ «ቱ ትሬድ» በኩል አስጠሩት፣ ፊቱ ላይ አዌይት አድርጉ። ኢንፑትን የምትሰጡት ያለ ቅንፍ ነው። ቅንፉን ከጨመራችሁ እዚያው ይጠራና ወደ ድሮው ችግር ትመለሳላችሁ። ቱ ትሬድ ፓይተን 3.9 ላይ የገባ ነው፤ ስሪቱን መጀመሪያ ላይ ያጠበቅሁት ለዚህ ነው።

4. የተጻፈው «ቻው» ከሆነ ከዙሩ ውጡ። ባዶ መስመር ከሆነ ዝለሉት። ሌላው ሁሉ በሴንድ ይላክ።

5. በዋናው ፈንክሽን፣ በአሲንክ ዊዝ ከተገናኛችሁ በኋላ ሁለቱንም በክሪኤት ታስክ አስነሡ። ከዚያ በአሲንክአይኦ ዌይት ጠብቁ፤ «ሪተርን ዌን» የሚለውን አማራጭ የመጀመሪያው ሲያልቅ እንዲመለስ አድርጉት። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ካንስል አድርጉ።

ፍተሻ፦ ሁለት ክላይንት ክፈቱ። በአንዱ ጻፉ፤ ሌላውን ሳትነኩት መልእክቱ መታየት አለበት። ከዚያ ሁለቱንም ትታችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ጻፉ። ካልተቆረጠ አልፋችኋል።

እዚህ ላይ የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ሰርቨሩን ስትዘጉ ክላይንቱ ወዲያው አይወጣም፤ የተሰቀለ ይመስላል። ኪቦርዱን የሚጠብቀው ትሬድ ከውጭ ካንስል አይደረግም፤ ፓይተንም እርሱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። አድምጥ ሲያልቅ «መስመሩ ተቋርጧል፤ ለመውጣት ኢንተር ተጫኑ» የሚል ፕሪንት ጨምሩ። ጊዜያዊ መላ ቢመስልም ይሠራል።

ሌላው ቅሬታ እየጻፋችሁ ሳለ የሚመጣ መልእክት የጀመራችሁትን መስመር መሃል ላይ መሰንጠቁ ነው። የተላከው ጽሑፍ አይበላሽም፤ የሚበላሸው መልኩ ብቻ ነው። ዓይናችሁን ካስቸገረው ፕሮምፕት ቱልኪት የሚባለውን ላይብረሪ ጫኑና በ«ፓች ስታውት» አስተካክሉት። እኔ ግን እስከ ደረጃ 6 ድረስ እንዳለ ተዉት ባይ ነኝ።

ደረጃ 5፦ ስምና አማርኛ

አሁን ማን እንደጻፈ አይታወቅም። መልእክቱን በጄሰን (ስምና ዋጋን አጣምሮ በሚይዝ የጽሑፍ ቅርጽ) ላኩት፦ አንድ «ስም»፣ አንድ «ጽሑፍ»። ለሙከራ አንዱ ላፕቶፕ «ፖሊ»፣ ሌላው «ፔዳ» ይባል።

ጄሰን ሲዘጋጅ «ኢንሹር አስኪ» የሚለውን ፎልስ አድርጉት። ካላደረጋችሁት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ስድስት ቁምፊ ወዳለው ምስጢራዊ ቁጥር ይለወጣል። ሲፈታ ይመለሳል፤ ስህተት ስትፈልጉ ግን የሚነበብ ነገር አታገኙም። ፊደሎቻችን በዩቲኤፍ 8 ሦስት ሦስት ባይት ይይዛሉ። የላይብረሪው ነባሪ የመልእክት ጣሪያ 1 ሜጋባይት ስለሆነ ከ349 ሺህ በላይ ፊደል በአንድ መልእክት ይገባል፤ ለቻት አይጠብባችሁም። አልፎ የሄደ ካለ መስመሩ በኮድ 1009 ይዘጋል።

የሚመጣውን ጄሰን ስትፈቱ በትራይ ውስጥ ይሁን። ያለዚያ አንድ ሰው በደረጃ 2 መሞከሪያ ገብቶ ተራ ጽሑፍ ቢልክ የሁሉም ክላይንት ይወድቃል።

ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከታየ ችግሩ ከፎንቱ ነው፤ ዊንዶውስ ተርሚናል የሚባለውን አዲሱን ክፈቱ።

ደረጃ 6፦ ወደ ሁለተኛው ላፕቶፕ

1. ሰርቨሩ ውስጥ 127.0.0.1 የሚለውን ወደ 0.0.0.0 ቀይሩ። የመጀመሪያው «ከዚሁ ላፕቶፕ ብቻ ተቀበል» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ከየትም በኩል ተቀበል»። ክላይንቱ ላይ ግን 0.0.0.0 አትጻፉ፤ የሚኬድበት አድራሻ አይደለም።

2. ሁለቱንም ላፕቶፖች ከአንድ ስልክ ሆትስፖት ጋር አገናኙ።

3. የሰርቨሩን ላፕቶፕ አይፒ አድራሻ ፈልጉ፦ በዊንዶውስ አይፒኮንፊግ፣ በሊኑክስ «አይፒ አድር»። ብዙ አድራሻ ከወጣ የዋይፋዩን ውሰዱ። ቨርቹዋልቦክስ የጫነ ሰው ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ይገለብጣል።

4. ያን አድራሻ ክላይንቱ ውስጥ አስገቡና ሞክሩ።

5. ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሣ ዊንዶውስ «ይፈቀድለት?» ብሎ ከጠየቀ ፍቀዱ። ሳታዩት ዘግታችሁት ከሆነ ፋየርዎል ውስጥ ገብታችሁ ፓይተንን ለፕራይቬትም ለፐብሊክም ፍቀዱለት። አዲስ ሆትስፖትን ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ፐብሊክ አድርጎ ነው የሚመዘግበው።

ካልተገናኘ፣ ስህተቱ የመጣበትን ፍጥነት እዩ። መልሱ እዚያ ነው።

ወዲያው እንቢ ካለ (በዊንዶውስ 1225፣ በሊኑክስ 111)፦ ላፕቶፑ ተገኝቷል፤ በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም። ሰርቨሩ አልተነሣም፣ ፖርቱ ተሳስቷል፣ ወይም አሁንም 127.0.0.1 ላይ ነው።

10 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ከተወ፦ ጥያቄው መንገድ ላይ ጠፍቷል። አይፒው ተሳስቷል፣ ፋየርዎሉ እየዋጠው ነው፣ ወይም ዋይፋዩ ደንበኞቹን እርስ በርስ አያገናኝም። ሐይቁ ዳር ባሉ ካፌዎችና በሆቴሎች ይህ የመጨረሻው የተለመደ ነው፤ ሁሉም ኢንተርኔት ያገኛል፣ እርስ በርስ ግን አይተያይም። ሆን ተብሎ ለደኅንነት የሚደረግ ስለሆነ ከአስተናጋጁ ጋር አትጨቃጨቁ፤ ወደ ስልክ ሆትስፖት ተመለሱ።

በፒንግ ትእዛዝ መሞከር ይጠቅማል፤ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ እመኑት። ፒንግ ከመለሰ መንገዱ ክፍት ነው። ካልመለሰ ምንም አላረጋገጣችሁም፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል ለፒንግ አለመመለሱ የተለመደ ነው።

ላብ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንቢ ካለ የፕሮክሲ (ጥያቄን በመሃል ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ቅንብሩን እዩ። ከስሪት 15 ጀምሮ ላይብረሪው በኮምፒውተሩ ላይ የተሞላውን ፕሮክሲ ሳትጠይቁት ይጠቀማል፤ አጠገባችሁ ላለው ላፕቶፕ የተላከው ጥያቄም ወደ ፕሮክሲው ይሄዳል። ኮኔክት ላይ ፕሮክሲን «ነን» አድርጉት።

ትናንት ሠርቶ ዛሬ እንቢ ካለ፣ ወይም መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ከጠፋ፣ መጀመሪያ አይፒውን እንደገና እዩ። ራውተሩ ሲነሣ ሌላ ቁጥር ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሲባል አድራሻውን ኮዱ ውስጥ አትቸክሉት፤ ክላይንቱ ሲጀምር በኢንፑት ይጠይቅ። እዚያ ላይ ገና መስመር ስላልተከፈተ ተራው ኢንፑት ምንም አይጎዳም።

ደረጃ 7፦ ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት

በደብልዩኤስ የሚሄደው ሁሉ ግልጽ ጽሑፍ ነው፤ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው ሊያነበው ይችላል። የይለፍ ቃል አትላኩበት። ምስጢር ካስፈለገ ሰርተፊኬት አዘጋጅታችሁ ወደ ደብልዩኤስኤስ (ወደ ተመሰጠረው) መሻገር አለባችሁ። ስምም ማንም እንደፈለገ ይጽፋል፤ «ፔዳ ነኝ» ያለ ሁሉ ፔዳ ነው።

አንዱ ፖሊ፣ ሌላው አባይ ማዶ ሆኖ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ይህ ዝግጅት አይበቃም። በሞባይል ዳታ የሚገናኝ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ የለውም፤ አይፒኮንፊግ የሚያሳያችሁ ቁጥርም ከሆትስፖቱ ውጭ ትርጉም የለውም። ሰርቨሩን የሕዝብ አድራሻ ባለው በኪራይ ማሽን ላይ አስነሡት። ኮዱ ያው ነው፤ በክላይንቱ በኩል የሚለወጠው አድራሻው ብቻ ነው።